ባንክ በሐራጅ የሚሸጠውን ቤት ስንለቅ ምን ይዘን መውጣት እንችላለን?

ወይን፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቤታችንን ብድር መክፈል ካቃተን ቆይቷል። ባንኩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን ለሐራጅ አውጥቶታል። ልንከራከር የምንችለውን ተከራክረን ጨርሰናል፤ ስለዚህ እባካችሁ «ጠበቃ ያዙና አስቁሙት» የሚለውን ምክር ዝለሉልኝ። አሁን የቀረን ዕቃ መጫን ነው፤ ጭቅጭቁም እዚያ ላይ ነው።

አልጋው፣ ሶፋው፣ ልብሱና ሳህኑ የእኛ እንደሆነ አይጠፋኝም። የሚያጠራጥረኝ ሌላው ነው። የኪችን ካቢኔቱን ቤቱን ከገዛን በኋላ በራሳችን ገንዘብ ነው ያሠራነው፤ ውስጡ የተገጠመ ኦቨን አለ። ባለቤቴ በእጁ የሠራው የመጻሕፍት መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር በብሎን ታስሯል። ሳሎኑ ጣሪያ ላይ ከእናቴ የወረስኩት ትልቅ መብራት ተሰቅሏል። መጋረጃ ከነዘንጉ፣ ኤሲ፣ ጓሮ ውስጥ የውሃ ታንከር ከነፓምፑ፣ ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ክፍያው ገና ያላለቀ ሶላር አለ። ጽጌረዳዎቼንም ልጨምር፤ አትሳቁብኝ።

አንዱ ዘመዳችን «ከፍላችሁ የገዛችሁትን ሁሉ ንቀሉ፤ ባንኩ ያበደረው ለቤቱ እንጂ ለካቢኔቱ አይደለም» ይላል። ሌላው አምፖል እንኳን አትንኩ ባይ ነው። የትኛውን እንስማ?

ቆራጥ፦
እኔ ከመጀመሪያው ዘመድሽ ጋር ነኝ። ባንኩ ያበደራችሁ ቤቱን አስገምቶ ነው። ያኔ ካቢኔቱ አልነበረም፣ ታንከሩም አልነበረም። ያልነበረውን ነገር ምን ብሎ ይጠይቃል? ይህን ሁሉ ዓመት ወለድ በልቶ አሁን ደግሞ ኦቨን ይመረቅለት? እኔ ብሆን በሩን ሳይቀር ነቅዬ ነበር የምወጣው። እስክትወጡ ድረስ ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁ። የራሱን ቤት የነቀለ ሰው ሌባ አይባልም።

እንጉዳይ፦
ቆራጥ፣ በሩን ነቅለህ የት ልትገጥመው ነው? ሌላ ቤት አለህ እንዴ?

ነገረ_ፈጅ፦
እህቴ ወይን፣ የምትኖሪበትን አገር አልጠቀስሽም፤ ዝርዝሩ ከአገር አገር ስለሚለይ የመጨረሻውን ቃል ከዚያው አገር የሕግ ባለሙያ መስማት አለብሽ። መነሻው ሐሳብ ግን በብዙ አገር ተመሳሳይ ነው።

አስቀድመሽ የመያዣ ውሉን አውጥተሽ አንብቢ። አብዛኛው የባንክ ውል «ቤቱና ከቤቱ ጋር የተያያዘ፣ ወደፊትም የሚያያዝ ማናቸውም ነገር» የሚል ወይም ይህን የመሰለ ሐረግ አለው። «ወደፊትም» የሚለው ካለ የዘመድሽ ክርክር እዚያው ላይ አበቃ። ባይኖርም እንኳ የብዙ አገር ሕግ የቤቱ አካል የሆነውን ሁሉ፣ በኋላ ቢጨመርም፣ ከመያዣው ጋር ያስኬደዋል። ማን ከፈለ፣ መቼ ተገዛ የሚለው ብዙ አይረዳሽም። የሚጠየቀው ይህ ነገር ዛሬ የቤቱ አካል ነው ወይስ ቤቱ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው የሚለው ነው።

ይህን ለመለየት ፍርድ ቤቶች ብዙ ደክመዋል። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1853 በሰጠው ውሳኔ ሦስት ነገር ይታይ አለ፤ ዕቃው ከሕንፃው ወይም ከመሬቱ ጋር በእርግጥ መያያዙ፣ ለቦታው አገልግሎት የተስማማ መሆኑ፣ የገጠመው ሰው ደግሞ ለዘለቄታው አስቦ መሆኑ። አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1872 የታየው ጉዳይ ለአንቺ ይበልጥ ይቀርባል። በመያዣ የተያዘ የሽመና ፋብሪካ ነበር፤ ማሽኖቹ ከወለሉ ጋር በምስማር ብቻ የተያያዙ ናቸው፤ ምስማሩን መንቀል ከባድ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን ማሽኖቹ ከሕንፃው ጋር ይሄዳሉ ብሎ ለመያዣ ያዡ ፈረደ። ዳኛው ብላክበርን የሰጡትን ምሳሌ የሕግ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በግንበኛ ግቢ የተከመረ ድንጋይ ዕቃ ነው፤ ያው ድንጋይ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ተደርድሮ አጥር ሲሆን የመሬቱ አካል ይሆናል። ምንም አላያያዘውም፤ የተቀመጠበት ዓላማ ግን ተለውጧል።

ስለዚህ «በብሎን ነው የታሰረው፣ ይፈታል» ማለት ብቻውን አያወጣም።

የኢትዮጵያን ሕግ ለሚጠይቁ፦ የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳዩን ከአንቀጽ 1131 ጀምሮ ይዞታል። ዋናውን ነገር ሳይሰብር ወይም ሳይጎዳ ሊለይ የማይችል የዚያው ነገር ክፍል ነው (1132)። ከዚያ አልፎ፣ ባለቤቱ ለዋናው ነገር አገልግሎት በዘላቂነት የመደበውን ነገር ተጨማሪ አድርጎ ይቆጥረዋል (1136)፤ ሲያጠራጥርም ዋናውን የሚመለከተው ውል ተጨማሪውንም ይጨምራል (1135)። ይህ አካሄድ ከፈረንሳዮቹ ጋር ይዛመዳል፤ ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩና አያስገርምም። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 525 ደግሞ፣ ለእሱ ተብሎ በግድግዳ በተፈለፈለ ቦታ የቆመ ሐውልት ሳይሰበር መነሣት ቢችልም እንኳ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው ይላል። ቆራጥ ይህን ቢያነብ ምን እንደሚል አላውቅም።

ቆራጥ፦
እላለሁ እንጂ! ሐውልት የለኝም። ቆይ፣ ሕጉ የባንክ ጠበቃ ነው ማለት ነው?

አናጢው፦
ሕጉን ለነገረ ፈጅ ትቼ ስለ ግድግዳው ልናገር፤ ካቢኔት ስገጥም ኖሬያለሁ።

የላይኛው ካቢኔት በፊሸርና በብሎን ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። የታችኛው በእግሩ ይቆማል፣ ግራናይት ይጫንበታል፣ ጠርዙ በሲሊኮን ይዘጋል፣ ሲንኩም ግራናይቱ ተቆርጦ ይገባል። ሴራሚኩ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ከካቢኔቱ በኋላ ስለሆነ ከጀርባው ሴራሚክ የለም። ሲነቀል የሚታየው ያልተለሰነ ግድግዳ፣ አየር ላይ የቀረ ቧንቧና የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ቤቱ ኪችን አጣ ማለት ነው።

ሰው የማያስበው ሌላም ነገር አለ። ካቢኔቱ ለዚያ ግድግዳ ልክ ተቆርጦ የተሠራ ነው። ሌላ ቤት ሄዶ ልኩ አይመጣም፤ ወይ ይረዝማል ወይ ያጥራል። ቺፕውድ ከሆነማ ብሎኑ አንዴ ከወጣ ቀዳዳው ዳግመኛ አይይዝም። ግራናይቱ ሲነሣ ካልተሰነጠቀ ዕድለኛ ናችሁ። ንቀሉልኝ ብለውኝ የነቀልኳቸው አብዛኞቹ መጨረሻቸው መጋዘን ውስጥ መቆለል ሆኗል። የማጓጓዣውን ስታሰቢ ደግሞ ጭራሽ አያዋጣም።

ስለ መደርደሪያው ልጠይቅሽ። ራሱን ችሎ የሚቆም ሆኖ እንዳይወድቅ ነው ከላይ የታሰረው? ወይስ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ፣ ከላይ እስከ ኮርኒሱ ተዘግቶ፣ ጀርባው ራሱ ግድግዳው ነው? የመጀመሪያው ከሆነ ለእኔ ቁምሳጥን ነው፤ ፈታችሁ ውሰዱት፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኑና ቀለም ንኩት። ሁለተኛው ከሆነ ቤቱ ነው።

ወይን፦
አናጢው፣ እግዜር ይስጥልኝ። የራሱ ጀርባ አለው፣ ይቆማል፤ የታሰረው ልጆቹ እንዳይወጡበት ፈርተን ነው። ባለቤቴ ይህን ሳነብለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። ካቢኔቱን ትተነዋል። ኦቨኑስ?

ነገረ_ፈጅ፦
ኦቨን ላይ ፍርድ ቤቶችም አይስማሙም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በትክክል የእናንተን ዓይነት ጥያቄ አይቷል። ባንክ አፓርታማ ተረክቦ ከሸጠ በኋላ ውስጡ የነበረው ዕቃ የማን ነው ተብሎ አንድ በአንድ ተመረመረ። የሥር ፍርድ ቤቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም የቤቱ አካል ነው ብሎ ነበር፤ ይግባኙ ላይ ግን ተከፈለ። የመታጠቢያ ክፍሉ ዕቃዎች፣ ማለትም ቧንቧው፣ የሻወር ራስ፣ የፎጣ መስቀያው፣ የሳሙና ማስቀመጫው፣ እንዲሁም የኪችን ካቢኔቱና ሲንኩ ከቤቱ ጋር ይቀራሉ ተባለ። ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ የመብራት ዕቃዎቹ፣ የጋዝ ማሞቂያዎቹ፣ እንደ ፍሪጅና ማጠቢያ ያሉት የኪችን ማሽኖች የባለዕዳው ናቸው። ማሽኖቹ በገዛ ክብደታቸው ነው የቆሙት፤ ከቤቱ ጋር የሚያገናኛቸው ሶኬትና ቧንቧ ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸውም አጭር ነው ተባለ።

ይህ የእንግሊዝ ውሳኔ ነው፤ በሌላ ቦታ በተለይ ካቢኔት ውስጥ ተገጥሞ የተሸፈነ ኦቨን የቤቱ አካል ሊባል ይችላል። መንገድ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ባንኩን በጽሑፍ ጠይቂው። የምትፈልጊውን ዘርዝረሽ ከነፎቶው ላኪና «እነዚህን እንወስዳለን፤ የምትቃወሙት ካለ እስከዚህ ቀን አሳውቁን» በይ። ባንክ ስለ አንድ ኦቨን ችሎት መቆም አይወድም። ዝም ካለም በኋላ በድብቅ ወሰዱ ብሎ መክሰስ ይከብደዋል።

እንጉዳይ፦
የመብራቱ ነገር ግን ይግረማችሁ፤ እኔ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሁሉ ይቀራል ብዬ ነበር የማስበው።

ነገረ_ፈጅ፦
እዚያም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአሜሪካ ልማድ ከጣሪያ የተንጠለጠለ መብራት ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጋር እንደሚሄድ ይቆጠራል። የእናት ውርስ ከሆነ የምመክረው ከሐራጁ አስቀድሞ፣ ቤቱ ለተጫራች ሳይታይና ፎቶ ሳይነሣ፣ አውርዶ በቦታው ተራ መብራት መስቀል ነው። ገዢ ያላየውን አይጠይቅም፤ ቤቱም ጨለማ አልሆነም። አስቀድሞ ከታየ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አስገቢውና ባንኩን ጠይቂ። የሚያወርደው ኤሌክትሪሺያን ይሁን፤ ሽቦውን በቴፕ ጠቅልሎ መተው አይበቃም።

ገዢ_ነበርኩ፦
እኔ በሐራጅ ቤት የገዛሁ ሰው ነኝ፤ በሌላው ወገን ያለውን ላውራችሁ። ከመግዛቴ በፊት ያየኋቸውን ቤቶች አልረሳቸውም። አንደኛው ውስጥ የቧንቧው መስመር ተመዞ ወጥቷል፣ ዋናው መዝጊያ ግን አልተዘጋም፤ ውሃው ስንት ቀን እንደፈሰሰ እንጃ፣ ፓርኬው ተነሥቶ እንደ ማዕበል ሆኗል። ሌላው ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያው ሁሉ ተነቅሎ ሽቦው ፈጦ ቀርቷል፤ እጅ ቢገባ ይገድላል። የሚነቀለው ነገር እኮ ሲሸጥ ረብ የለውም፤ ጥገናው ግን ብዙ እጥፍ ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ሳይ ዋጋዬን የምቀንሰው በጎደለው ብቻ አይደለም። «ያላየሁት ምን ተነቅሎ ይሆን?» ብዬ የፍርሃቴንም እቀንሳለሁ። ሌላውም ተጫራች እንደዚያው። ቆራጥ በሩን ቢነቅል የበሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የፍርሃታችንንም ሒሳብ ነው ከቤቱ ላይ የሚያወርደው።

ቆራጥ፦
ይውረዳ! የሚከስረው ባንኩ ነው። እኔ ምን ቸገረኝ?

ገዢ_ነበርኩ፦
ባንኩ ብቻ መሰለህ? ቁጭ ብለህ አስላው። ዕዳህ 100 ነው እንበል። ቤቱ ደህና ሆኖ 110 ቢሸጥ፣ ወጪው ተቀንሶ የሚተርፈው ለአንተ ነው የሚመለሰው። ነቃቅለኸው 85 ቢሸጥ ደግሞ 15ቱ ቀሪ ዕዳ ሆኖ ይከተልሃል፤ ሐራጁ ቤቱን እንጂ ዕዳውን አልጨረሰም። አንተ በነቀልከው በር የምታገኘው ምናልባት 1 ቢሆን ነው።

ነገረ_ፈጅ፦
ይህ ሊሰመርበት ይገባል። ሰዎች ማስጠንቀቂያ ሲደርሳቸው ቤቱ ያኔውኑ የባንኩ የሆነ ይመስላቸዋል። እስኪሸጥ ድረስ የእናንተ ነው፤ ዋጋውም ዕዳችሁን የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከሽያጩ በፊት ቤቱ ላይ የሚደርስ ጉዳት መጀመሪያ የሚያርፈው በእናንተ ሒሳብ ላይ ነው። ቀሪ ዕዳ በሚጠየቅበት አገር ሁሉ እንዲህ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ውሉ ከፈቀደላቸው፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ይሸጣሉ። ያቺ 30 ቀን ለባለዕዳው የመጨረሻ ዕድሉ ናት፤ ገዢ ካገኘ በስምምነት በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። የተቦረቦረ ቤት ይዞ ማን ገዢ ያገኛል?

አንዳንድ ቦታ ቀሪ ዕዳ አይጠየቅም። ካሊፎርኒያ ሰው ለመኖሪያው በተበደረው የመግዣ ገንዘብ ላይ ከሽያጭ በኋላ ቀሪ ዕዳ እንዳይጠየቅ ትከለክላለች። «እንግዲያማ ልንቀል» የሚል ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 ገንዘብ ከማጣት የተነሣ ቤቱን ያላደሰውን ሰውና ሆን ብሎ በክፋት ያበላሸውን ለይቷል። የመጀመሪያው ከለላውን አያጣም፤ ሁለተኛው ለጉዳቱ ሊከፍል ይችላል። የዚያው ግዛት የወንጀል ሕግም፣ መያዣ ያዡን ለመጉዳት ወይም ለማጭበርበር አስቦ ከተያዘው ቤት የተገጠመ ነገር ነቅሎ የወሰደውን በሌብነት ይከስሰዋል። ቆራጥ «የራሱን ቤት የነቀለ ሌባ አይባልም» ብሎን ነበር።

ቆራጥ፦
እሺ፣ በሩን ትቻለሁ። ግን ንዴቱንስ ምን ላድርገው? ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሒሳብ አያሰላም እኮ።

ወይን፦
አያሰላም፤ እውነትህን ነው። ባለቤቴ አንድ ማታ መዶሻ ይዞ ኪችን ገብቶ ነበር።

አስተባባሪ፦
ወይን፣ ያያያዝሽውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አጥፍቼዋለሁ፤ ስማችሁና የሒሳብ ቁጥራችሁ ይታይ ነበር። ሸፍነሽ መልሰሽ መለጠፍ ትችያለሽ።

አናጢው፦
ስለ ታንከሩ፣ ስለ ፓምፑና ስለ ኤሲው ማንም አልመለሰላትም። እኔ በሙያዬ የማየውን ልበል። ግድግዳው ተበስቶ ቱቦ ያለፈበት፣ ሞተሩ ውጭ የተሰቀለ ኤሲ ይቀራል። ጋዙን በሥርዓቱ ሳይሰበስቡ ከፈቱትም ይበላሻል። ጎማ ያለው፣ ተገፍቶ የሚሄደው የእናንተ ነው። ቴሌቪዥኑ የእናንተ ነው፤ ብራኬቱ ግን ቢቀር ምን አለበት? ነቅላችሁ አራት ቀዳዳ ከምትደፍኑ ተዉት። የጥበቃ ካሜራ ከሆነ መቅጃው ውስጥ የእናንተ ምስል ስላለ እሱን አትተዉ።

ነገረ_ፈጅ፦
ታንከሩና ፓምፑ ላይ ሁለቱ የሕግ አስተሳሰቦች ይለያያሉ። መያያዙን ይበልጥ በሚያይ አገር ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ታንከር ዕቃ ነው ብለሽ መከራከር ትችያለሽ። ባለቤቱ ለቤቱ አገልግሎት በዘላቂነት መደበው ወይ ብሎ በሚጠይቅ አገር ግን፣ የቤቱ ውሃ ሁሉ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ፣ ክርክሩ ደካማ ነው። ኢትዮጵያ በሁለተኛው ትመደባለች። እኔ ብሆን እተወዋለሁ፤ ውሃ የሌለው ቤት ላይ ሐራጁ ምን እንደሚሆን ገዢ_ነበርኩ ነግሮናል።

ሶላሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ክፍያው ካላለቀ ውሉን አይተሽ ባለቤትነቱ የማን እንደሆነ ለዪ። ኪራይ ከሆነ ወይም እስኪከፈል ድረስ ባለቤትነቱ የሻጩ ነው የሚል ካለ፣ አንቺም ባንኩም እንደፈለጋችሁ ልታደርጉት አትችሉም፤ ከባንኩ ጋር የሚነጋገረው ሻጩ ነው። ለሻጩ ስለ ሐራጁ አሁኑኑ በጽሑፍ አሳውቂ። ዝም ካልሽ ፓነሉ ለአዲሱ ባለቤት ሲሠራ ወርሃዊ ክፍያው በስምሽ ሊቀጥል ይችላል። በኪራይ የገባ የውሃ ማጣሪያ ወይም የኢንተርኔት ራውተር ካለም እንዲሁ፤ መልሳችሁ ፊርማ ተቀበሉ።

ምስራቅ_2፦
ውይይቱን በዝምታ ስከታተል ነበር። እኔ ባለቤት አይደለሁም፤ ባንክ የሚሸጠው ቤት ውስጥ ተከራይ ነኝ። የገጠምኩት የልብስ ማጠቢያና የግድግዳ ቁምሳጥን አለ። እኔንም ይመለከተኛል?

ነገረ_ፈጅ፦
አንቺ የተሻለ ቦታ ላይ ነሽ። ዕዳው የአንቺ አይደለም፣ ማጠቢያውም የአንቺ ነው። ቁምሳጥኑን ተከራይ በገጠመበት ሁኔታ ብዙ ሕግ ቤቱን ሳይጎዱ መንቀልን ይፈቅዳል፤ ግን ኪራዩ ከማብቃቱ በፊት ነው፣ ቁልፍ ካስረከብሽ በኋላ አይደለም። የከፈልሽበትን ደረሰኝ ያዢ፤ አለበለዚያ የቤቱ ባለቤት ዕቃ ነው ተብሎ አብሮ ሊቆጠር ይችላል። የኪራይ ውልሽንም አንብቢ። የመኖር መብትሽ ደግሞ ሌላ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የፌዴራል ሕግ እውነተኛ ተከራይ ቢያንስ የ90 ቀን ማስታወቂያ ሳይሰጠው ከተሸጠ ቤት እንዳይወጣ ይከላከላል። አገርሽ ምን እንደሚል ጠይቂ፤ ያስያዝሽው የኪራይ ዋስትና ገንዘብ ማን ይመልስልሻል የሚለውንም አብረሽ።

እንጉዳይ፦
ጽጌረዳዎቹስ? ሁሉም ረሳቸው።

ነገረ_ፈጅ፦
መሬት ውስጥ የተተከለ የመሬቱ ነው። የኢትዮጵያው ሕግ አንቀጽ 1133 ዛፍና አዝመራ ከመሬቱ እስኪለዩ ድረስ የመሬቱ ክፍል ናቸው ይላል። በሸክላ ወይም በባልዲ ያለው ከእናንተ ጋር ይሄዳል። ወይን፣ ጽጌረዳ በቅርንጫፍ ይበቅላል፤ ቅርንጫፉን ከቋጠሮው በታች ቆርጠሽ እርጥብ አፈር ላይ ትከይው። ለዚያ የሚከስስሽ ባንክ ካለ እኔ በነፃ እቆምልሻለሁ።

ገዢ_ነበርኩ፦
ከገዢ ወገን አንድ ልጨምር። ከባንኩ ጋር ስታወሩ «ቤቱን ጠርገን፣ ምንም ሳንነቅል፣ በዚህ ቀን ቁልፉን ብናስረክብ ለማጓጓዣ ምን ትረዱናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ይህ የታወቀ አሠራር ነው፤ ከ2008ቱ የቤት ብድር ቀውስ በኋላ ባንኮች በሰፊው ሲከፍሉ ነበር፤ ፖሊስ ይዞ ከማስወጣትና የተሰባበረ ቤት ከመረከብ ይረክሳቸዋል። ሌላም ቦታ መጠየቁ ገንዘብ አያስወጣም። የሚሰጧችሁ ወረቀት ላይ ግን ምን እንደምትተዉና ምን እንደምትወስዱ በዝርዝር ይጻፍ፤ ገንዘቡንም ቁልፉን ስትሰጡ ተቀበሉ እንጂ «በኋላ ይላካል» አትቀበሉ።

ቆራጥ፦
ለማስለቀቅ ባንኩ ይከፍላል? ይህን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ በር ስነቅል አልውልም ነበር።

ወይን፦
ዝርዝሩን ከነፎቶዎቹ ልኬ ነበር፤ መልስ መጣ። መደርደሪያውን ውሰዱ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ ብለዋል። መብራቱን ሌላ ከተሰቀለበት አንቃወምም አሉ። ኤሲው፣ ታንከሩና ፓምፑ ይቀራሉ። የመጋረጃውን ዘንግ አንስተው እንኳ አልጻፉም። ስለ ኦቨኑም ዝም ብለዋል። ለማጓጓዣ የሚሰጡት ገንዘብ ስለመኖሩ «እናጣራለን» ነው ያሉት። ሶላሩን የሸጠልን ድርጅት ደግሞ ሰው ልኮ ይነቅላል። ኦቨኑን ምን ላድርግ? ሐራጁ ገና ነው።

ነገረ_ፈጅ፦
ዝምታውን እንደ ፈቃድ አትቁጠሪው፤ መልስ የሰጡት ለሌሎቹ ነውና ኦቨኑን ያላዩት ሊሆን ይችላል። በአንድ መስመር ብቻ «የኦቨኑን መልስ እየጠበቅን ነው» ብለሽ ድገሚላቸው። እስከዚያ አይነቀል። መጋረጃውን ውሰዱ፤ ዘንጉን ተዉት።

ስትወጡ ደግሞ ባዶውን ቤት ክፍል በክፍል በቪዲዮ ቅረጹ፤ ካቢኔቱን ከፍታችሁ፣ ቧንቧውን አፍስሳችሁ፣ መብራቱን አብርታችሁ። የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱና ሒሳቡ ከስማችሁ እንዲወጣ አመልክቱ። ቁልፉን ለሚቀበለው ሰው ስሙንና ቀኑን የያዘ ወረቀት አስፈርሙት፤ የግቢውን፣ የመጋዘኑን፣ ትርፍ ቁልፎቹንም ጨምሮ ስንት እንደሆኑ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የረሳችሁት ነገር ቢኖር አጥር ዘላችሁ አትግቡ፤ ቤቱ የሌላ ሰው ነው። በብዙ አገር አዲሱ ባለቤት የቀረ ዕቃችሁን አሳውቆ ጊዜ ሳይሰጥ መሸጥ ወይም መጣል አይችልም፤ በጽሑፍ ጠይቃችሁ በቀጠሮ ውሰዱ። የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ፣ የሕክምና ካርድና የብድሩን ሰነዶች ግን በጭነት መኪና ከዕቃ ጋር አትላኩ፤ በእጃችሁ ይዛችሁ ውጡ። ቀሪ ዕዳ ቢመጣ የምትከራከሩት በእነሱ ነው።

አናጢው፦
መደርደሪያውን ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ እያንዳንዱን ጣውላ ጀርባውን በእርሳስ ቁጥር ስጡት። ብሎኖቹን በአንድ ላስቲክ አስራችሁ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ በቴፕ ለጥፉት። ቀዳዳውን ስቱኮ ስትሞሉ አንድ ቀን አድርቁና አሸዋ ወረቀት ምቱት፤ ከዚያ ነው ቀለሙ።